ፊደላችንን የማያውቀው የአባቴ ስልክ

የስልኩን ስም አልጠራም። ታውቁታላችሁ። በሠርግ ቪዲዮ ላይ ሙሽራው ሆን ብሎ ወደ ካሜራው የሚያዞረው፣ ከጀርባው ያለው ምልክት እንዳይሸፈን ከቨሩ ሳይቀር የሚበሳለት እሱ ነው። ደባርቅ መነኸሪያው አጠገብ ከቨር፣ ቻርጀርና የስክሪን መስታወት የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። እመኑኝ፣ ከዚህ ስልክ ጋር ተጣልቶ እኔ ዘንድ የሚመጣው ሰው ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ ሽማግሌ ቤት ከሚሄደው ይበልጣል።

"ሰሚራ፣ ሁለተኛው ሲም በየት በኩል ነው የሚገባለት?" አይገባለትም። "መንዙማ በብሉቱዝ ላክልኝ ብለው እምቢ አለኝ።" እምቢ ይላል። "የጓደኛዬ ቻርጀር አልሰካ አለ።" አይሰካም፤ የራሱን ካላገኘ ጾሙን ያድራል። "አንዲት ነገር ላወርድ ብል የማላውቀው ሰው ፓስወርድ ይጠይቀኛል።" ይጠይቅሃላ። ገንዘቡን የከፈልከው አንተ ነህ እንጂ ስልኩ እስካሁን የሚያውቀው የድሮ ጌታውን ነው። እንዲህ ስላቸው ይስቃሉ፣ ይማረራሉ፣ ይራገማሉ፤ ከዚያ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አድርገው ኪሳቸው ይከቱታል። ሽጡት ብላቸው ይቆጡኛል።

እኔን ግን ያስለቀሰኝ ከእነዚህ ሁሉ አንዱም አይደለም። እኔን ያስለቀሰኝ የአባቴ ስልክ በፊደላችን አለመጻፉ ነው።

ያኔ ከኑሩ ጋር ከተጋባን ሁለት ዓመት ሊሆነን ምንም አልቀረንም ነበር። ኑሩ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። የጎጃም ልጅ ነው፤ ሥራ ፍለጋ ደባርቅ መጥቶ እዚያው ቀረ። ዝምተኛ ነው፤ እኔ ለሁለታችንም ስለማወራ አይቸግረንም። እሱ ሽማግሌ ሲልክ አባቴ፣ ዳባት ላይ ጨርቅ የሚነግደው ይማም፣ ሽማግሌዎቹን በክብር አስቀምጦ፣ አብልቶ፣ አጠጥቶ ሲያበቃ "ልጁ መልካም ልጅ ሊሆን ይችላል። ግን አገሩን አላውቅ፣ ዘመዱን አላውቅ። ደጁን ላላየሁት ሰው ልጄን አልሰጥም" አለ። ደጋግመው ተመላለሱ። መልሱ ያው ነበር።

እኔም የእሱው ልጅ ነኝና እልኸኛ ነኝ። አጎቴ በአባቴ ቦታ ቆሞ ወሊይ ሆነልኝና ኒካሁ ታሰረ። አባቴ አልመጣም። አልረገመኝም፤ አልመረቀኝምም። ዝም አለ። እናቴ የሞተችው እኔ ነገር ሳልለይ ነው፤ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ጸጉሬን እንኳ እያለቃቀስኩበት የሚሠራኝ እሱ ነበር። ከዳባት ደባርቅ ሚኒባስ ተሳፍሮ የጀመሩትን ወሬ ሳይጨርሱ ነው የሚደረሰው፤ እኛ ግን በዚያች ቅርበት ሁለት ዓመት ድምፅ ሳንሰማማ ኖርን። በዱዓዬ ሁሉ የምለምነው አንድ ነገር ነበር፤ አባዬ እንደ ድሮው እንዲጠራኝ። ሌላ ምንም አልጎደለኝም።

ያን ስልክ ዓረብ አገር ያለችው የአጎቴ ልጅ ስትጠቀምበት ቆይታ ለአባዬ እንደላከችለት በሰው ሰምቻለሁ። ሳቅሁ። የእሷን ፓስወርድ ካልሰጡት ምንም አያወርድም፣ ምንም ካላወረደ ደግሞ የአማርኛ ፊደል አይኖረውም። "ይማም ስልኩን በሐር ጨርቅ ጠቅልሎ ነው የሚይዘው" ብለው ሲነግሩኝ ደግሞ ይበልጥ ሳቅሁ፤ ቆየት ብዬ አለቀስኩ።

አንድ ቀን ጠዋት ሱቄን ከፍቼ ከቨሮቹን ከፊት እየሰቀልኩ ስልኬ መልእክት መግባቱን አሰማኝ። አየሁት። "አባዬ" ይላል። ስሙን አልቀየርኩትም ነበር። ከቨሩን ከእጄ አስቀምጬ፣ በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ፣ ቢስሚላህ ብዬ ከፈትኩት። እንዲህ ይላል፦

Enate mota new yehedkut. Simeles enigenagnalen.

በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ማንበብ ለኛ ትውልድ ብርቅ አይደለም። ሳላስበው አነበብኩት። እናቴ ሞታ ነው የሄድኩት። ስመለስ እንገናኛለን።

አያቴ። እምዬ ዘሃራ። ከሊማሊሞ ግርጌ፣ መንገዱ ቁልቁለቱን ጨርሶ ሜዳ ሲነካ ባለችው መንደር ለብቻዋ የምትኖረው፣ አባዬ ንግድ ሲሄድ እኔን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ እምዬ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር እንደ እሾህ ወጋኝ። "ስመለስ እንገናኛለን።" ለቅሶው ላይ አትምጪ ማለቱ ነው። እናቱ ሞታ እንኳ ፊቴን ማየት አልፈለገም። መጻፉም ሰው እንዳይታዘበው ያህል ብቻ ነው ብዬ አሰብኩ። ሐዘኑና ንዴቱ አንድ ላይ መጡብኝ፤ የትኛውን እንደማለቅስ አላወቅሁም።

ደወልኩለት። ስልኩ ዝግ ነው። እንደገና ደወልኩ፤ ዝግ። ለአያቴ መደወል አይታሰብም፤ መንደሯ ኔትወርክ የለውም፣ የእሷም ስልክ ብዙውን ጊዜ ሳጥን ውስጥ ነው የሚውለው። ዳባት ከአባዬ ሱቅ ጎን የሚነግዱትን ሰውዬ በስልክ አገኘኋቸው።

"ይማም ትናንት ዘግቶ ሄደ" አሉኝ። "ፊቱም ልክ አልነበረ። ወዴት ነው ብለው፣ አስቸኳይ መንገድ ወጣብኝ ብቻ ነው ያለኝ። ምነው፣ ሰላም አይደላችሁም?"

ሰላም ነን ብዬ ዘጋሁት። ትናንት ከሄደ ቀብሩ ትናንት ተፈጽሟል። እኛ ሬሳ አናሳድርም። እምዬን አፈር ሲያለብሷት እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ስለ ቻርጀር ከሰው ጋር እከራከር ነበር።

ኑሩ ስደውልለት ከጋራዡ በግራሶ እጁ እየሮጠ መጣ። "እምዬ ሞተች" አልኩት። "ኢና ሊላሂ" አለና ከጎኔ ተቀመጠ። ቤት ገብቼ ጥቁር ቀሚሴን ለብሼ ስወጣ አየኝና "አባትሽ እዚያ ነዋ" አለ።

"አዎ።"

"እኔን ሲያዩ ለቅሶው ወደ ጸብ እንዳይዞር። አብሬሽ ልውረድና ከመኪናው ጋር ልቆይ።"

"ባሌ ነህ ወይስ ሹፌሬ?"

"ሰሚራ፣ የእሳቸው እናት ናት የሞተችው። ዛሬ የእሳቸው ቀን ነው።"

"የኔም አያት ናት። ካባረረህም ሁለታችንንም ያባርረን" አልኩት። እሱ ግን መንገዱን ሙሉ በልቡ ያንኑ ሲያብላላ እንደነበር ፊቱ ይናገራል።

ኑሩ ትናንት ባትሪውን የሠራለት አንድ የጭነት መኪና ወደ ታች ሊወርድ ሲል አገኘንና ከሹፌሩ ጎን ተደራርበን ተቀመጥን። ሊማሊሞን ያየ ያውቀዋል፤ መንገዱ ራሱ ላይ እየተጠቀለለ ነው የሚወርደው፤ ጉም ከገደሉ ሥር እየተነሣ መስታወቱን ይሸፍነዋል። ከታች የሚወጡ መኪኖች እያጓሩ ሲመጡ ሹፌሩ ወደ ገደሉ ጠርዝ ጠጋ ብሎ ያሳልፋቸዋል። ሌላ ቀን ብሆን ዓይኔን ጨፍኜ እጸልያለሁ። ያን ቀን ግን ዓይኔ ስልኬ ላይ ነበር። መታጠፊያዎቹ ላይ ኔትወርኩ ብልጭ ሲል ለአባዬ እደውላለሁ። ዝግ ነው።

"ቻርጅ አልቆበት ይሆናላ" አለ ኑሩ።

"ሆን ብሎ ነው የዘጋው። እንዳልደውልለት ነው።"

"እንዲህ አታስቢ። ያ ስልክ ደግሞ የማንም ቻርጀር አይሰካለትም፣ አንቺው አይደለሽ የምትዪው።"

እንባዬን በሻሼ እየጠረግሁ፣ እምዬ ደጅ ስደርስ አባዬን ምን እንደምለው ሳሰላስል ወረድን። ይቅር በለኝ ልበለው? ምን አጠፋሁና? ዝም ብዬ እግሩ ሥር ልውደቅ? ቢያልፈኝስ?

መንደሯ ዳር ወረድን። መቼም እንደምታውቁት በእኛ አገር ለቅሶ የሚደርስ ሰው ዝም ብሎ አይገባም። ሃይማኖታችን ጩኸቱን ባይወደውም እግር መንደሩን ሲረግጥ አፍ ራሱ ይከፈታል። "እምዬ፣ እምዬ ዘሃራዬ፣ ሳላይሽ" እያልኩ ቁልቁል ወረድኩ። ኑሩ ከኋላዬ ክንዴን ይዞ "አብሽሪ፣ አይዞሽ" ይለኛል።

መጀመሪያ የወጣችው የአያቴ ጎረቤት አለሚቱ ናት። ዱቄት የነካው እጇን ራሷ ላይ አድርጋ እያለቀሰች ተቀላቀለችኝ። ማን ሞተ ብላ አልጠየቀችም። እንዲህ ባለ ጊዜ መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ኋላ ይጠየቃል። ቀጥሎ ሌሎች ሴቶች ወጡ፤ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ እየጣሉ ተከተሉ። እኔ "እምዬ" ስል እነሱም እያለቀሱ መንደሩን አቋርጠን ወደ አያቴ ደጅ ቀረብን። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ድንኳን የለም። ደጁ ላይ የተቀመጠ ሰው የለም። የአባዬም ጫማ በር ላይ አይታይም።

ያኔ እምዬ ከጓሮዋ ጎመን ቀጥፋ በእቅፏ ይዛ ብቅ አለች።

አየኋት። እሷም አየችኝ። እሷ ግን ያየችው ሌላ ነገር ነው። ጥቁር የለበሰች የልጇ ልጅ፣ ሁለት ዓመት ደጇን ያልረገጠ የልጅ ልጇ ባል፣ ከኋላቸው የሚያለቅስ መንደር። ጎመኑ ከእቅፏ ረገፈ።

"ይማም" አለች። "ልጄ ይማም ሞተ።"

ደረቷን መታች፤ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ሻሿን ከራሷ ገፈፈችው። መንደሩም ለማን እንደሚያለቅስ ያወቀ መስሎት ይብሱን ጮኸ። እኔ እላይዋ ላይ ወድቄ "እምዬ፣ አለሽ? እምዬ፣ አልሞትሽም?" እላለሁ፣ ማን ይስማኝ። አለሚቱ ነች ቀድማ የባነነችው።

"ቆይ እስቲ" አለች እንባዋን እየጠረገች። "ማነው የሞተው?"

"እሷ" አልኩ ወደ እምዬ እያመለከትኩ።

"እሷማ ይችውና።"

"አየኋት። ግን ሞታለች ተብዬ ነው።"

አንድ ሽማግሌ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። እምዬ ግን አልሳቀችም። ይማም ደኅና ነው፣ መልእክት በስህተት አንብቤ ነው ብላት፣ ኑሩም "እማ ዘሃራ፣ ወላሂ እሳቸው ደኅና ናቸው" ቢላት፣ ራሷን ትነቀንቃለች።

"ስንት መርዶ ነጋሪ አይቻለሁ" አለች። "ባሌን ሲቀብሩም 'ትንሽ አሞት ነው' እያሉ ነው የወሰዱኝ። ስታዩኝ ደነገጣችሁ፤ እንደምንም ልትደብቁ ነው። አትደብቁኝ። ሬሳው የት ነው ያለው? ዳባት ነው?"

"እምዬ፣ ሬሳ የለም።"

"እንግዲያው ደውይለትና አቅርቢልኝ።"

እዚህ ላይ ተያዝኩ። ኔትወርክ የለም እንጂ ቢኖርም ስልኩ ዝግ ነው። ዝግ ነው ስላት "ይኸውና" አለችና እንባዋ በፀጥታ መውረድ ጀመረ። ከጩኸቱ ይልቅ ያ ዝምታዋ አስፈራኝ። ቀስ በቀስም የእሷ ፍርሃት ወደ እኔ ተሻገረ። እምዬ ካልሞተች አባዬ የት ነው የሄደው? ፊቱ ልክ አልነበረም አሉኝ። ስልኩ ከጠዋት ጀምሮ ዝግ ነው። ሰው እናቴ ሞታ ነው ብሎ ሳትሞት ይጽፋል? ምናልባት አእምሮው ተነክቶ፣ ምናልባት ታሞ፣ ምናልባት መንገድ ላይ። ሁለት ዓመት ያኮረፍኩትን ሰው በአንድ ጠዋት በሐሳቤ ደጋግሜ ቀበርኩት። ወይኔ አባዬ፣ ሳንታረቅ ብዬ ነው ያለቀስኩት፤ አሁን ለቅሶዬ የእውነት የእሱ ሆነ።

"መልእክቱን ራሱን አሳይኝ" አለ ኑሩ።

እስከዚያ ድረስ አላነበበውም ነበር። እኔ ነግሬው አመነኝ። ስልኬን ሰጠሁት። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ አነበበው፤ መልሶ አነበበው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

"ይችን 'ሞታ' ብለሽ ነው ያነበብሻት?"

"እና ምን ልበላት?"

"ጣ በፈረንጅ ፊደል እንዴት ነው የሚጻፈው?"

"ያው በዚችው ነው እንጂ።"

ኑሩ የአያቴ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። "ሞጣ" አለ። "ሰሚራ፣ ሞጣ ነው የሚለው። የኛ አገር። አባትሽ ሞጣ ነው የሄዱት።"

ባሌ የተወለደው ሞጣ ነው። እናቱም አባቱም እዚያ ናቸው። አባዬ ደጁን ላላየሁት ያለው፣ ያ ደጅ ሞጣ ነው ያለው። እኔ ስልክ ቤት ውስጥ ተቀምጬ የሰውን ስልክ ስተች የምውል ሴትዮ፣ ታን ከጣ የማይለይ ስልክ እንደ ሕፃን አታለለኝ።

ልቤ ግን አሁንም አላመነም። "እሺ ሞጣ ይሁን። 'እናቴ ሞጣ' ምን ማለት ነው? እናቱ ያለችው እዚህ" አልኩ።

ይህን ጊዜ እምዬ ለቅሶዋን አቆመች። "ምን ብሎ ነው የጻፈው? እናቴ?"

"አዎ፣ እናቴ።"

"ይማም እኔን እናቴ ብሎኝ አያውቅም" አለች። "አፉን ከፈታበት ቀን ጀምሮ እማ ነው የሚለኝ። እናቴ የሚለው ማንን እንደሆነ አንቺው ታውቂያለሽ።"

አወቅሁ። እናቴ ከሞተች በኋላ ያወጣልኝ ስም ነው። እናቴ፣ ነይ ብዪ። እናቴ፣ ጫማሽን አጥልቂ። እናቴ፣ እጄን ያዢ መንገድ እንሻገር። በስሜ ሲጠራኝ የሰማ ሰው የለም፤ ሰሚራ መባል የጀመርኩት ትምህርት ቤት ስገባ ነው። ያገባሁ ቀን ያ ስም ተቋረጠ። ሁለት ዓመት ስናፍቀው የኖርኩት ቃል በባዕድ ፊደል፣ ያለ ድምፅ፣ ያለ ነጠላ ሰረዝ ሲመጣልኝ አላወቅሁትም። መርዶ መስሎኝ ጥቁር ለበስኩበት።

እናቴ፣ ሞጣ ነው የሄድኩት። ስመለስ እንገናኛለን።

አትምጪ አላለኝም። እንገናኛለን ነው ያለኝ።

"እኔ ድምፁን ሳልሰማ አላምንም" አለች እምዬ። ነጠላዋን አጣፋች፣ ተነሣች። ኔትወርክ የሚገኘው ከመንደሩ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነው። እዚህ ጠብቂን ብንላት በጄ አላለችም። ኑሩ ትከሻውን ሰጣትና፣ በእሱ ተደግፋ፣ እያረፈች፣ እያጉረመረመች ወጣች። ግማሹ መንደር ተከተለን። አለሚቱ በመንገድ ላይ ለሚያገኙን ሁሉ "ማንም አልሞተም፣ ግን ገና አልተረጋገጠም" እያለች ትነግራቸዋለች።

ኑሩ አባቱ ዘንድ ደወለ። ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው።

"አባ፣ እንዴት ዋላችሁ?"

"ኑሩ? ልጄ፣ እንግዳ አለብን። በግ እየገፈፍን ነው። ቆየት ብለህ ደውል።"

"የምን እንግዳ ነው?"

"እንዳልነግርህ አደራ ብሎኛል።"

"አባ፣ እዚህ ሰው በድንጋጤ ሊሞትብን ነው። እንግዳውን አቅርብልን።"

መንኮሻኮሽ ተሰማ። ከዚያ አንድ ጉሮሮ ተጠረገ። አባዬ ከመናገሩ በፊት ጉሮሮውን የሚጠርገው እንዴት እንደሆነ ከሺህ ሰው መካከል አውቀዋለሁ።

"አቤት።"

"ይማም" አለች እምዬ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ።

"እማ? በኑሩ ስልክ ምን ትሠሪያለሽ?"

ኑሩ ቀና አለ። አባዬ ስሙን ሲጠራ የሰማው የመጀመሪያ ጊዜው ነበር።

"አለህ ወይ?"

"አለሁ። ምን ሆንሽ?"

"ሞተሃል ብዬ ነው።"

"ማን ነው ያለው?"

"እኔም ሞቻለሁ ተብያለሁ። ልጅህ ቀብራኝ ስትመጣ ጎመን ስቀጥፍ አገኘችኝ" አለችና ሳቀች። እየሳቀች ደግሞ ታለቅሳለች። "አልሐምዱሊላህ። በል ራስህ አናግራት። ሁለታችሁም አድርቃችሁ ገደላችሁኝ።"

ስልኩን ያዝኩት። ያን ሁሉ ቁልቁለት ስወርድ ያዘጋጀሁት ንግግር አንዱም አልመጣልኝም።

"አባዬ" አልኩ።

የቆረጠብን መስሎኝ ስክሪኑን አየሁት። አልቆረጠም።

"እናቴ" አለ።

"አቤት።"

"ምሳ በላሽ?"

ያ ሁሉ ሕዝብ ባለበት ጉብታው ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አልበላሁም አልኩት። "ብዪ እንጂ" አለኝ። እሱም ድምፁ ተለውጦ ነበር።

ከጥቂት ቀን በኋላ አባዬና የኑሩ አባት ደባርቅ ገቡ። መነኸሪያ ወርደው በቀጥታ ወደ ሱቄ መጡ። አባዬ ሸምግሏል፤ ሁለት ዓመት እንዲህ ያስረጃል አላልኩም ነበር። ኑሩ እግሩን ሊስም ሲያጎነብስ ትከሻውን ይዞ አነሣውና "ደጁን ሳላይ ብዬ ነበር፤ አይቼ መጣሁ" አለው። "መልካም ደጅ ነው። ባለቤቱም በምግብ ሊገድለኝ ነበር።" ያን ቀን ሁለቱ አባቶች ተቀምጠው ዱዓ አደረጉልን። ከኒካሁ ቀን ይልቅ ያን ጊዜ ነው ያገባሁ የመሰለኝ።

አባዬ መልእክቱን የጻፈው ወደ ሞጣ ሲሄድ ባሕር ዳር ባደረበት ጠዋት ነው። ስምንተኛ ክፍል በተማራት የፈረንጅ ፊደል እየለቀመ፣ እያጠፋ፣ እንደገና እየጻፈ። ልኮት ወዲያው ባትሪው አልቆ ስልኩ ተዘጋበት። በመኪናው ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ ቻርጀር ለመነ፤ የአንዳቸውም አልሰካለት አለ። ይህን ሲነግረን ከሐር ጨርቁ ፈትቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠውና "ይኼን ነገር አማርኛ አስተምሪልኝ" አለኝ። ለአጎቴ ልጅ ዓረብ አገር ደወልኩላት፤ ፓስወርዷን ለማስታወስ ሳምንት ፈጀባት። አስተማርኩለት። አሁን በፊደላችን ይጽፋል፤ ግን ነጠላ ሰረዝ የት እንዳለ ዛሬም አላገኘውም።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ስልክ እንድትቀይሩ አይደለም። ያንን ስልክ የሚይዙትን አሁንም እወቅሳቸዋለሁ፤ ሥራዬም ነው። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሱቄ መጥቶ "በዚህ ነገር መልእክት እንዴት ነው የሚላከው?" የሚለኝን ሰው ለማን እንደሚልክ እጠይቀዋለሁ። ለነጋዴ ከሆነ አሳየዋለሁ። ለተኳረፈው ሰው ከሆነ "ደውል" እለዋለሁ። አንዳንዱ ያፍራል፣ አንዳንዱ ነገሬ ምን ይመለከትሻል ይለኛል። እውነቱን ነው፣ አይመለከተኝም። ብቻ ሰው የናፈቀው ቃል ደርሶት ሳያውቀው ሲቀር ምን እንደሚመስል ስለማውቅ ዝም ማለት ያቅተኛል። የተጻፈ ቃል አንባቢው በልቡ የያዘውን ነው የሚመስለው። እኔ በልቤ የያዝኩት ተጠልቻለሁ የሚል ነበር፤ ስለዚህ እንገናኛለን የሚለውን አትምጪ ብዬ አነበብኩት።

አንድ ነገር ግን ሳይገባኝ ብዙ ቆየ። አባዬ ባሕር ዳር ተቀምጦ ያን ሁሉ ፊደል ከሚለቅም ለምን አልደወለም? እጁ ላይ ስልክ ነው ያለው። ብዙ ጊዜ ልጠይቀው እልና እተወዋለሁ። በቀደም ዕለት ቤታችን ምሳ በልቶ እጁን ሲታጠብ ውኃ እያፈሰስኩለት ጠየቅሁት።

እጁን አራግፎ ፎጣውን ከትከሻዬ ወሰደና ቀስ ብሎ አደረቀው።

"ድምፄን ሰምተሽ ብትዘጊብኝስ ብዬ ነው" አለ።

ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጥኩት። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ቁጥሩን እያወጣሁ ሳልደውልለት የኖርኩት ይህንኑ ፈርቼ ነበር።